የአሸዋ ተሳፋሪዎች

ይህ የሆነ ነገር ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም፤ ቆሜ ያየሁት ነው።

ማመን የማይፈልግ እዚህ ላይ ያቁም። አልቀየመውም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል። ቦታው ከሐይቁ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ያለው የመንደራችን መቃብር ነው።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ዓይኔን እጠረጥር ነበር... ሌሊት አልነበረም።

አስቀድሜ ግን የዚያን ዓመት ብርድ ልንገራችሁ። ብርዱ ባይኖር ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ከትልቁ ጦርነት በኋላ ሦስተኛው ዓመት ነው። ብርዱ በኅዳር ገባና አልወጣም አለ። የወይራ ዛፎቹ ቆመው ሞቱ። ዶሮዎች ከቆጥ ላይ እንደ ድንጋይ ወደቁ። ዓሣው ወደ ሐይቁ ሆድ ወረደና መረባችን ባዶውን ወጣ። የሐር ፋብሪካው ተዘጋ። የበቆሎ ገንፎ በቀን አንዴ ሆነ፤ ኋላም በሁለት ቀን አንዴ። ቄሱ በሳምባ ምች ሞቱ፤ ምትክ አልተላከም። መሬቱ አልቆፈርም አለ። ዶማ ሲያርፍበት እሳት ይተፋል። የዚያን ሰሞን የሞቱትን በደወሉ ቤት ውስጥ ደርድረን በረዶው እስኪፈታ ጠበቅን።

የሚያበላ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፦ በሐይቁ ዳር ያለው መጋዘን።

እዚያ ውስጥ ከሚላኖ የመጡ ጌቶች አውሮፕላን ያሠሩ ነበር። እንደሌላው አውሮፕላን አልነበረም። ሆዱ መርከብ ነው፤ ውሃ ላይ ይቀመጣል። ክንፎቹ በሦስት ተርታ ተደራርበዋል። ውስጡ በአኻያ ቀንበጥ የተሠሩ ወንበሮች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። መስኮቶቹ አረንጓዴ መጋረጃ አላቸው። ሀብታሞችን ጭኖ ባሕር ያሻግራል ተባለ።

እኛ "ቤቱ" እንለው ነበር። ቤት ይበራል ብሎ ያመነ ሰው በመንደራችን አልነበረም። ግን ቤቱ ያበላን ነበር፤ ስለዚህ ዝም ብለን እንሠራ ነበር።

የኔ ሥራ የሆዱን ስንጥቅ በቃጫና በሬንጅ መድፈን ነበር። ጋውደንዚዮ እባላለሁ። በመንደሩ ዴንዚዮ ይሉኛል።

የሠራተኞቹ ካቦ ፌርሞ ነበር። ማን ይሠራል፣ ማን ይባረራል የሚለው እሱ ነው። በዚያ ዓመት መባረር ማለት መሞት ነው። ፌርሞ ይህን ያውቃል። ሰው ሲለምነው ደስ ይለው ነበር። ለምኖት ያልተቀጠረ ሰው ሲመለስ ከኋላው ሆኖ አረማመዱን እየቀዳ ያስቀን ነበር። እንስቅ ነበር... እኔም።

አሁን ስለ ጆንያዎቹ።

ሐይቃችን ጥልቅ ነው። የወሰደውን ሁሉ አይመልስም። ሰምጦ ላልተገኘ ሰው ግን መቃብሩ ባዶ አይተውም። ይህ የአባቶቻችን ደንብ ነው። ቤተሰቡ ከጀልባው ሸራ ረጅም ጆንያ ይሰፋል። ጆንያው በሟቹ ክብደት ደረቅ አሸዋ ይሞላል። ከዚያ በመቃብሩ ግድግዳ ውስጥ በተፈለፈለ ጉድጓድ እንደ ሰው ይጋደማል። በጉድጓዱ አፍ ላይ የድንጋይ ክዳን ይገጠማል።

ጆንያውን የሚሞላው ቤተሰቡ አይደለም። ከዚያው ጀልባ በሕይወት የተመለሰው ሰው ነው። በእጁ ይሞላዋል። ከውሃው ዳር ጀምሮ በጀርባው ተሸክሞ እስከ መቃብሩ ይወጣል። ያልተሸከመ ባለዕዳ ነው። ዕዳው ለሙቱ ነው። ሕያው ሊምረው አይችልም።

ከጦርነቱ በፊት ታላቅ ወንድሜ ቴሬዚዮና ፌርሞ በአንድ ጀልባ ወጡ።

ፌርሞ ተመለሰ።

ማዕበል ነው አለ። ማዕበሉን ሁላችንም አይተናል፤ ማንም ምንም አላለውም። ግን ሲመለስ ሁለቱም መቅዘፊያ በጀልባው ውስጥ ነበር። የቴሬዚዮም ጭምር፤ ማዕበል ድንገት የጠለፈው ሰው መቅዘፊያውን አስቀምጦ አይሄድም። እናቴ ያንን አየች።

ጆንያውንም አልተሸከመም። ጀርባዬን ያመኛል ብሎ በቅሎ ላከ። እናቴ ኦርሶላ በቅሎውን መልሳ ላከች። ራሷ ሞላችው። ራሷ ተሸከመችው። ዳገቱ ላይ ደጋግማ ወደቀች። ላግዝሽ ብዬ ስጠጋ በክርኗ ገፋችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሙታን መታሰቢያ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆማ ትጠብቀዋለች። ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀዋለች።

"ጀርባህን ተሻለህ ወይ?"

መጀመሪያ ሰሞን ይስቅ ነበር። ኋላ ላይ በጓሮ በር መውጣት ጀመረ።

በጥር መጨረሻ አውሮፕላኑን የሚያሠራው ኢንጂነር ሠራተኛውን ሰበሰበ። ጌቶቹ ከዋና ከተማው ትልልቅ ሰዎች ይዘው ሊመጡ ነው አለ። አውሮፕላኑ በፊታቸው መብረር አለበት። ሰው ከመሳፈሩ በፊት ግን በየወንበሩ የሰው ክብደት ያለው አሸዋ ይቀመጥ። አሸዋውን ያቀረበ ሰው የበረራ መስመሩ ሲከፈት የጣቢያው ኃላፊ ይሆናል።

የሐይቁ ዳር አሸዋ ድንጋይ ሆኗል። በእሳት ብናሟሟው እርጥብ ነው፤ ጆንያ ውስጥ ገብቶ መልሶ ይጋገርና ጆንያውን ይቀደዋል። ሞከርነው። አልሆነም።

ፌርሞ እጁን አወጣና ነገ ይመጣል አለ።

መጣ። በበቅሎ ተጭኖ፣ በሸራ ተሸፍኖ መጣ። ደረቅ አሸዋ ነው። ጆንያዎቹ ረጃጅምና ቀጫጭን ነበሩ። ሁለት ሁለት ሆነን ስናነሳቸው አንዱ እግር፣ አንዱ ራስ የያዘ ይመስል ነበር። ሰዎቹ ተያዩ። አብሮኝ ሬንጅ የሚቀባው ኤቫሪስቶ ከየት እንደመጣ ጠየቀ።

"ከተራራው ጀርባ ካለ ጉድጓድ" አለው ፌርሞ። "አሸዋው ዝም ብሏል። አንተም ዝም በል።"

በየወንበሩ አስቀመጥናቸው። ቀበቶ አሰርንላቸው። ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ፌርሞ የራሱን ባርኔጣ አውልቆ ከፊት ባለው ጆንያ ራስ ላይ ደፋው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"ክቡር ሚኒስትር፣ ወንበሩ ተመቸዎት?"

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ... አልሳቅኩም።

ባርኔጣው ሥር ያለው ሸራ ቡናማ ነበር። ጎኑ ላይ እራፊ አለው፤ በቀይ ክር፣ እንደ መረብ ድርብ ተደርጎ የተሰፋ። የኛ ጀልባ ሸራ ነው። ስፌቱ የእናቴ ነው።

ቀስ ብዬ ወደ ኤቫሪስቶ ተጠጋሁ።

"ያ ወንድሜ ነው" አልኩት በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ።"

"ምን ታውቃለህ?"

"በመስኮቱ በኩል፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ... አባቴ ነው።"

"አይተህ ዝም አልክ?"

ሬንጁን ማማሰሉን አላቆመም። "ሙት አይርበውም፣ ዴንዚዮ። ልጆቼን ይርባቸዋል።"

ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ሥራው ላይ አጎንብሷል። ማንም ቀና አላለም።

ሁሉም ያውቅ ነበር።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ይህን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከኔ ትስማው ብዬ ነው። አላለቀሰችም። ምድጃው ውስጥ ያለውን ፍም በብረት ገለጥ አደረገችና ቤቱ መቼ ውሃ ላይ እንደሚሮጥ ጠየቀችኝ። ቅዳሜ አልኳት።

"ሐይቁ አንዴ ወስዶታል" አለች። "ሁለተኛ ከወሰደው የትም የለም። የማለቅስበት ድንጋይ እንኳ የለኝም። ከቅዳሜ በፊት አምጣልኝ።"

አመጣዋለሁ አልኳት።

በማግሥቱ ቤቱን ከመጋዘኑ አውጥተን ውሃው ላይ አሳረፍነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቃቅን ነገሮች ማየት ጀመርኩ።

ጠዋት ስመጣ መስኮቶቹ በጉም ተሸፍነው አገኘኋቸው።

ከውጭ በኩል አይደለም... ከውስጥ በኩል።

ውጭ ብርዱ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ውስጥ የሚተነፍስ ሰው የለም።

በሆዱ ዙሪያ ቀይ መስመር ቀብተን ነበር። ውሃው ከዚያ በታች መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቀን በታች ነበር። በሁለተኛው ቀን መስመሩን እየላሰ ነው። በሦስተኛው ቀን መስመሩ አይታይም። ውሃ እያስገባ ነው ብዬ የወለሉን ጣውላ አንስቼ ገባሁ። ሆዱ እንደ አጥንት ደርቋል።

ምንም አልገባም። ግን ከብዷል።

እዚያው ታች ተጋድሜ ሳለሁ ከላዬ ሰማሁ።

ቂር... ቂር...

አኻያ ሰው ሲቀመጥበት እንዴት እንደሚናገር ታውቃላችሁ። ረጅም መንገድ የሚጠብቅ ሰው እግሩን ሲያነባብር፣ መልሶ ሲፈታ። እንደዚያ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ ከፊት። ቀጥሎ ከመሃል። ከዚያ ከኋላ።

ወጥቼ አየሁ። ጆንያዎቹ እንደነበሩ ናቸው። በየወንበሩ ሥር ግን ወለሉ ላይ ትንሽ ትንሽ እርጥበት ነበር። ጎን ለጎን ሁለት ሁለት ቦታ። ከእርጥብ ጫማ የተንጠባጠበ ይመስላል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። የሐይቁ የታች ውሃ ሽታ ነው። መልሕቅ ሲወጣ የሚሸተው።

መክበዱን ለፌርሞ ነገርኩት። ሰዉ እየሰማ፣ ይህ ልጅ ገንፎ ሲያንሰው ሕልም ይበዛበታል አለ። ሳቁ።

ዓርብ ቀን፣ ሰዎቹ ምሳ ሲወጡ እኔ ቀረሁ።

ብቻዬን ገባሁ። ባርኔጣው አሁንም በወንድሜ ጆንያ ራስ ላይ ነበር። አነሳሁና ወለሉ ላይ ጣልኩት። ቀበቶውን ፈታሁ። በሁለት እጄ ከብብቱ ሥር ገብቼ... ጆንያ ብብት የለውም፤ ግን እጄ የገባበት ቦታ ያ ነው... አቅፌ ሳብኩት።

አልተነሳም።

ያንን ጆንያ እናቴ ብቻዋን ዳገት አውጥታዋለች። እኔ ከወንበሩ ላይ ላነቃንቀው አቃተኝ።

ሸራው ሥር አሸዋ ሲንሸራተት ይታወቃል። ይህ አልተንሸራተተም። በሸራው በኩል አንድ ጠንካራ ነገር ደረቴን ነካኝ። እንደ ትከሻ ያለ ነገር።

"ቴሬዚዮ..." አልኩት በጆሮው አቅጣጫ። "ቤት እንሂድ።"

ከኋላዬ ወንበሮቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ጮኹ። ቂር።

ከዚያ ፀጥ አለ።

በዚያ ፀጥታ ውስጥ ከእጄ ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዝቅ ብዬ አየሁ። የፈታሁት ቀበቶ ታስሯል።

"ምን ትሠራለህ?"

ፌርሞ ነው። በሩ ላይ ቆሟል። በእጁ ቂጣ ይዟል።

"ወንድሜን ልወስድ ነው።"

"ከወሰድከው ክብደቱ ይጎድላል።"

"እኔ ልቀመጥለት። እኔን ጫነኝ፤ እሱን ስጠኝ።"

ቂጣውን እያኘከ አሰበበት። ወይም ያሰበ መሰለ።

"አንተ ከሞትክ ለእናትህ ሌላ ጆንያ ማን ይሸከምላታል? አርጅታለች እኮ።"

እሱ ወደ ውስጥ ገባና በወንበሮቹ መሃል እየተራመደ መጣ። የወደቀውን ባርኔጣ አንስቶ በጉልበቱ ላይ አራገፈው። መልሶ ወንድሜ ራስ ላይ አደረገው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ እየሳቀ።

"ለእናትህ ንገራት። ነገ እኔው አብሬው እሳፈራለሁ። ተሸክሜው ሰማይ ለሰማይ ነው የምዞረው። ዕዳዬ ነው አይደል? ዕዳዬ ነው። ከነወለዱ እከፍለዋለሁ በላት።"

ወንበሮቹ ዝም ብለዋል። መስኮቶቹን አየሁ። እየተናገረ ሳለ ሁሉም በጉም ተሸፍነዋል።

ስወጣ ቀበቶውን መልሶ ያሰረው እሱ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"የቱን ቀበቶ?" አለኝ።

እናቴ ቤት በባዶ እጄ ገባሁ። አልተቆጣችም። ፌርሞ ያለውን ስነግራት ግን እጄን ያዘችኝ።

"ዕዳዬ ነው አለ?"

"አዎ።"

"በራሱ አፍ?"

"በራሱ አፍ።"

"ቴሬዚዮ ፊት?"

"ፊቱ ቆሞ ነው ያለው፣ እማዬ።"

እጄን ለቀቀችኝ። "እንግዲያው አምኗል" አለች። የዚያን ቀን ራት በላች። ከሰሞኑ ሁሉ ይልቅ በደንብ በላች።

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ልብሷን ለብሳ የእንጨት ወንበሯን ራሷ ላይ አድርጋ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅኋት።

"ልጠብቅ" አለች። ዳገቱን ይዛ ወደ መቃብሩ ሄደች።

ትልልቆቹ ሰዎች በፀጉር ካፖርት ተጠቅልለው በሐይቁ ዳር ተሰልፈዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ነፋስ የለም። አብራሪው ከፊት ተቀመጠ፤ ከከተማ የመጣ ሰው ነው። ፌርሞ ዕቃውን ለመጠበቅ ከኋላ፣ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ገባ። በሩን ሲዘጋ ለሰው ሁሉ እጁን አወዛወዘ። ሚስቱ ጃኮማ ከሴቶቹ መሃል ሆና መሐረቧን አነሳችለት።

ሞተሮቹ ተነሱ። ቤቱ ውሃውን እየሰነጠቀ ሮጠ። አልነሳ ብሎ ብዙ ሮጠ።

ከዚያ ተነሳ።

እውነት ነው፤ ተነሳ። ውሃ ከሆዱ ሥር እየተንጠባጠበ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በላይ ወጣ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ኢንጂነሩ አለቀሰ።

ዞሮ በላያችን ሲያልፍ መስኮቶቹን አየሁ። አረንጓዴ መጋረጃዎቹ ተዘግተው ነበር።

የፊተኛው መጋረጃ ተከፈተ።

ፌርሞ ነው አልኩ በልቤ።

ቀጥሎ ሁለተኛው ተከፈተ። ሦስተኛው። አራተኛው... ከፊት ወደ ኋላ፣ ተራ በተራ። በዚህኛው ጎን በሙሉ ተከፈተ። አንድ ሰው ሮጦ የሚደርስበት ፍጥነት አልነበረም።

አጠገቤ ኤቫሪስቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ ጭራው ዝቅ አለ። አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና አለ። ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንዴ ወደ ኋላ የሄደ ይመስል ነበር። አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሞተሮቹ ጮኹ።

በጭራው ወረደ።

የወደቀው ከመንደሩ ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ ነው። በጀልባ ደረስን። አብራሪው ክንፉ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘነው፤ በሕይወት አለ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ኤቫሪስቶን በአንገቱ ልብስ ያዘው።

"ማነው ሰው የጫነው?"

"ሰው የለም ጌታዬ። አሸዋ ነው።"

"ተነሱ..." አለ። "ዞሬ አየሁ። ሁሉም ተነሱ።"

ጌቶቹ በኋላ ጆንያዎቹ ተንሸራተው ነው አሉ። ቀበቶው ላልቶ ነው አሉ። እኔ ግን በተሰበረው ጎን ወደ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ከወገብ አይበልጥም። ወንበሮቹ በቦታቸው ናቸው። ቀበቶዎቹ ሁሉ እንደታሰሩ ነበሩ።

ጆንያ የለም። አንድም የለም። የፈሰሰ አሸዋም የለም።

ፌርሞ ከኋላ በር አጠገብ በደረቱ ተደፍቷል። ኮቱ ላይ ከታች እስከ ላይ ጭቃ ነበር። የጫማ ጭቃ። ብዙ ሰው የረገጠው የደጃፍ ምንጣፍ ይመስል ነበር።

አውጥተን የመጋዘኑ ጠረጴዛ ላይ አጋደምነው። ዓይኑን እኔ ከደንኩ። ኤቫሪስቶ አገጩን በነጭ ጨርቅ ወደ ላይ አሰረለት፤ ቋጠሮው አናቱ ላይ። በሸራ ሸፈንነው። ቀዝቅዞ ነበር። ሞቷል። ይህን እንዳትረሱት፤ ሞቶ ነበር።

ጃኮማን ከሬሳው ጋር ትቼ እኔ ወደ መቃብሩ ወጣሁ። እናቴን ምን እንደምላት መንገዱን ሙሉ አሰብኩ።

በመቃብሩ በረንዳ ሥር፣ በተከፈተው የቴሬዚዮ ጉድጓድ ፊት ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች። በግድግዳው ላይ በግራም በቀኝም ሌሎቹ ጉድጓዶች አፋቸውን ከፍተዋል። ክዳኖቻቸው መሬት ላይ ተከምረዋል።

"እማዬ፣ ጠፋ። ሐይቁ ወሰደው።"

"ቁም። ዝም በል።"

ደወሉ መደወል ጀመረ። ስድስት ሰዓት ሆነ።

በዳገቱ መታጠፊያ አንድ ሰው ብቅ አለ። ጎንበስ ብሎ ይወጣል። አናቱ ላይ ነጭ ነገር ነበር... ሲጠጋ ቋጠሮው መሆኑን አየሁ።

ፌርሞ ነው።

ዓይኑ እኔ እንደከደንኩት ተዘግቷል። ጫማው መንገዱን ያውቀዋል። በረዶው ላይ አይንሸራተትም። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ረጅም ጆንያ አቅፏል። ቡናማ ሸራ፣ ቀይ ክር። ከጆንያው ውሃ ይንጠባጠባል።

ወደ እናቴ ወንበር ተጠጋሁ።

እናቴ ከወንበሯ አልተነሳችም። ከፊቷ ሲደርስ ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ለበቅሎ ጫኝ የምትናገር ይመስል ነበር።

"በደረት አይደለም" አለችው።

ቆመ።

"በጀርባ ነው። ከውሃው ጀምረህ።"

ዞረ። ጆንያውን እንዳቀፈ ዳገቱን መልሶ ወረደ።

ጃኮማ እየሮጠች ስትመጣ መታጠፊያው ላይ ተላለፉ። ሻሿ ወድቋል፤ ጠረጴዛው ባዶ መሆኑን ልትነግረኝ ነበር የመጣችው። በስሙ ጠራችው። አልዞረም። እዚያው ቆማ አየችው፤ ከዚያ መጥታ እናቴ እግር ላይ ወደቀች።

"እማማ ኦርሶላ፣ በፈጠረዎት። ሬሳ ነው። ይረፍ... ይተዉት ይረፍ።"

"ለቅሶው ቤትሽ ነው" አለቻት እናቴ። "ሂጂና አልቅሺ። እዚህ ያለው ሥራ ላይ ነው።"

ጃኮማ አልሄደችም። መሬቱ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሦስታችንም ጠበቅን።

ሁለተኛ ሲመጣ በጀርባው ነበር። ወገቡ የሰው ወገብ በማይታጠፍበት ቦታ ላይ ታጥፏል። ዳገቱ ላይ ወደቀ። ተነሳ። እንደገና ወደቀ። ጃኮማ ልትደግፈው ብድግ ስትል እናቴ በቀሚሷ ያዘቻት።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከና ጆንያውን ወደ ውስጥ ገፋው። እናቴ እጇን አስገብታ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ በጣቷ ቀስ ብላ አሻሸችው። ልጅ ሳለን ሲያመን ግንባራችንን እንደዚያ ታሻሸን ነበር።

ክዳኑን እኔና እሷ አነሳን። ከመግጠማችን በፊት የኔም እጅ ጆንያውን ነካው።

አሸዋ አልነበረም። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ድንጋዩን ገጠምነው። እናቴ በመዳፏ አንዴ መታ አደረገችው።

"ተከፈለ" አለች።

ጃኮማ ይህን ስትሰማ ካባዋን አወለቀች። የባሏን ትከሻ ልትሸፍን ነው። እንግዲህ ይዤው ልውረድ አለች፤ እየለመነች።

እናቴ ወንበሯን አንስታ ለመንገዱ ቦታ ለቀቀች።

ሴቶቹ እየወጡ ነበር። የኤቫሪስቶ እናት፣ ምራቷ፣ የሐር ፋብሪካው ሠራተኛ መበለቶች፣ የሰመጡት ዓሣ አጥማጆች ሚስቶች። ጥቁር ለብሰዋል። እያንዳንዳቸው ራሳቸው ላይ ወንበር ተሸክመዋል። አንድም ቃል አይናገሩም። እየመጡ ፌርሞ ባዶ ባደረገው በየሙታቸው ጉድጓድ ፊት ወንበራቸውን አስቀመጡና ተቀመጡ። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

የኤቫሪስቶ እናት ከሁሉ ቀርባው ተቀምጣ ነበር። አሮጊት ናት፤ ድምፅዋ ብዙ አይሰማም።

"ከውሃው ጀምረህ" አለችው።

ፌርሞ በተዘጋ ዓይኑ ዞሮ ዳገቱን መውረድ ጀመረ። ጃኮማ ካባውን ይዛ ከኋላው ትሮጥ ነበር። ሴቶቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ።